ከዋልታ የተነሳው ማዕበል ወሎ ሲደርስ

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ምሽት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰማይ አረንጓዴ፣ ሮዝና ደማቅ ቀይ ሆኖ አደረ። በማግስቱ ፎቶው የእኛንም ማኅበራዊ ገጾች አጥለቀለቃቸው። ደሴ ላይ ግን ምንም አልታየም። ጦሳ አናት ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ቢኖር እንኳ ከወትሮው የተለየ ነገር አያይም ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ፎቶውን አድንቀን «ይሄ የዋልታ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብለን አለፍነው።

ጉዳዩ ግን የእነሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሌሊት፣ ቅዳሜ ሊነጋ 11 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከወትሮው 400 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) ያህል ወርዶ ነበር። በእኛ አገር አግድም የሚዘረጋው የመስኩ ጉልበት 36,000 ናኖቴስላ አካባቢ ስለሆነ ቅናሹ ከመቶ አንድ እጅ ይበልጣል። በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ ነገር ነው። በመለኪያ መሣሪያ ሲታይ ግን እንዲህ ያለ ውድቀት ከ20 ዓመት በላይ አልተመዘገበም ነበር። ብርሃኑ ወደ እኛ አልመጣም፣ መስኩን ያናወጠው የፀሐይ ማዕበል ግን በደሴም፣ በወልድያም፣ በላሊበላም ሰማይ ላይ አልፏል። የዋልታ ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ነገር እኛንም ይመለከታል የምለው ለዚህ ነው። እነሱ በእነሱ በኩል ያለውን ጫፍ ከመቶ ዓመት በላይ ሲለኩ ኖረዋል፤ በእኛ በኩል ያለው ጫፍ ገና በቅጡ አልተለካም። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ብርሃኑን እንየው። ፀሐይ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶችን ያለማቋረጥ ወደ ጠፈር ትረጫለች። አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ታፈነዳለች። የምድር መግነጢሳዊ መስክ አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ በዚህ ግፊያ መሀል ግን መስኩ ራሱ ይለጠጣል፣ ይበጠሳል፣ መልሶ ይገጥማል። ያን ጊዜ በመስኩ መስመሮች ላይ ተወርውረው ወደ ዋልታዎች የሚወርዱ ኤሌክትሮኖች ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ካለው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ይጋጫሉ። የተመታው አቶም ያገኘውን ጉልበት መልሶ በብርሃን መልክ ይለቃል። አውሮራ የሚባለው ይህ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የቀለሙ ነገር ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ዮናስ አንግስትረም የአረንጓዴውን ብርሃን መስመር በ1867 ለካው። ብርሃኑ ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደሚወጣ ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማንም ማወቅ አልቻለም፤ በቤተ ሙከራ የሚታወቅ ምንም ጋዝ ያንን መስመር አይሰጥም ነበር። በ1925 ቶሮንቶ ውስጥ ማክሌናንና ሽረም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተራ ኦክስጅን መሆኑን አሳዩ። ያን ያህል ጊዜ ተደብቆ የኖረው የተመታው የኦክስጅን አቶም አረንጓዴውን ብርሃን ለመልቀቅ አንድ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያ ጊዜ በጣም ረጅም ነው፤ አቶሙ ብርሃኑን ከመልቀቁ በፊት ሌላ ቅንጣት ይገጨውና ጉልበቱን ይነጥቀዋል። ቀዩ ብርሃን ደግሞ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚታየው አየሩ እጅግ በሳሳበት፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻ ነው። አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይታያል። የሰማዩን ቀለም የሚያነብ ተመራማሪ እንግዲህ ጉልበቱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደወረደና አየሩ እዚያ ምን ያህል እንደሳሳ እያነበበ ነው። ቱሪስት ለውበቱ የሚሄድበትን ነገር እሱ እንደ መለኪያ ይጠቀምበታል።

ይህን ንባብ ከሩቅ ሆኖ መሥራት አይቻልም። ኖርዌያዊው ክሪስቲያን ቢርከላንድ በ1899 በአገሩ ሰሜናዊ ጫፍ ሃልዴ በተባለ ተራራ ላይ ጣቢያ ሠርቶ፣ ረዳቶቹን ይዞ በዚያ ብርድና ነፋስ ውስጥ ከረመ። ኋላም አየር በተመጠጠበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ መግነጢስ የያዘች ትንሽ ሉል አንጠልጥሎ ኤሌክትሮን ሲለቅባት በሁለቱ ዋልታዎቿ ዙሪያ ብርሃን እንደሚበራ አሳየ። ከጠፈር ወደ ዋልታ ሰማይ በመስኩ መስመሮች ላይ የሚወርድና መልሶ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ ቢል ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1917 ሞተ። ትክክል መሆኑን ሳተላይቶች ያረጋገጡት ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ በስፋት ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ የኖርዌይ ደሴቶች የሆነው ስቫልባርድ ነው፤ በሰሜን 78ኛው ዲግሪ ላይ ይገኛል። በ2008 የተከፈተው የሼል ሄንሪክሰን የምልከታ ጣቢያ ከሎንግየርቢየን ከተማ ውጭ ተራራ ላይ ተቀምጧል። ከከተማው የሚወጣ ሰው የነጭ ድብ መከላከያ ሳይዝ አይንቀሳቀስም። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በእነሱ የብርድ ክረምት እምብርት እዚያ ቀትርም ጨለማ ነው። የፀሐይ ነፋስ ቅንጣቶች በቀጥታ ወደ ምድር የሚገቡበት የመስኩ በር ደግሞ በቀትር አካባቢ በዚያ ሰማይ አናት ላይ ያልፋል። በቀን የሚወርድን አውሮራ በካሜራ ለማየት የቀትር ጨለማ ያስፈልጋል፤ የቀትር ጨለማና ያ በር በአንድነት የሚገኙበት፣ ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ሌላ ምድር ከዚህ ወዲያ የለም ማለት ይቻላል። ከጣቢያው አጠገብ ኢስካት የተባለው ድርጅት ራዳር አለ። ወደ ላይ ብርቱ ሞገድ ይልካል፤ ከኤሌክትሮኖቹ ተበትኖ ከሚመለሰው እጅግ ደካማ ማሚቶ የኤሌክትሮኑን ብዛት፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ያወጣል። ይኸው ድርጅት በዋናው ምድር ሺቦትን ላይ 10,000 የሚጠጉ ትናንሽ አንቴናዎች ያሉት አዲስ ራዳር ሲተክል ቆይቷል። አዲሱ ራዳር ሰማዩን በአንድ መስመር ብቻ ሳይሆን በወርድም በቁመትም እንዲያነብ ታስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ ወሎ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው የት ላይ ነው?

የምድር ወገብ ሁለት ነው። አንዱ በካርታ ላይ ኬንያን አቋርጦ የሚሄደው ነው። ሌላው መግነጢሳዊው ነው፤ የመስኩ መስመር ወደላይም ወደታችም ሳይዘም ከመሬት ጋር ትይዩ የሚተኛበት መስመር። ይህኛው በአፍሪካ ቀንድ ወደ ሰሜን ጎበጥ ስለሚል በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ የሚነሳ፣ በቀትር የሚበረታ፣ ሲመሽ የሚተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 የኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ብሎ ሰየመው። ጠባብ ነው፤ ከመሀሉ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቁ እየከሰመ ይሄዳል። ይህን ልኬት በአገራችን ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ደሴን በጅረቱ ሰሜናዊ ጎን ላይ፣ ላሊበላን ደግሞ ጅረቱ በሚከስምበት ጠርዝ ላይ ያገኛቸዋል።

በዋልታ የሚነሳው ማዕበል ወደዚህ ጅረት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፈጣን ነው። በዋልታ ሰማይ ላይ በድንገት የተፈጠረ የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ወገብ ድረስ ይደርሳል። ስቫልባርድ ላይ ብርሃኑ ሲበረታ የእኛ ኤሌክትሮጄትም ወዲያው ይጠነክራል ወይም ይዳከማል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። አውሮራው የሚፈስበት ጅረት የዋልታውን የላይኛ አየር እንደ ምድጃ ያሞቀዋል፤ የሞቀው አየር ያብጣል፣ ሞገድና ነፋስ ሆኖ ወደ ወገብ ይገሰግሳል። ሞገዱ ከሰዓታት በኋላ፣ የነፋሱ ውጤት እስከ ማግስቱ ድረስ ይደርሰናል። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይገለብጠዋል፤ ወደ ምሥራቅ ይፈስ የነበረው ጅረት በቀትር ሳይቀር ወደ ምዕራብ ሲዞር ይታያል። በዚህ የተነሳ የማዕበል ዜና በሰማን ማግስት «አለፈ» ማለት በእኛ ኬክሮስ አያስተማምንም።

የአየሩ ማበጥ በሌላም በኩል ይነካናል። በየካቲት 2022 አንድ መለስተኛ ማዕበል የላይኛውን አየር ስላሳበጠው ስፔስኤክስ ገና ካመጠቃቸው 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚሆኑትን አጥቷል፤ አየሩ ጎትቶ ጣላቸው። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ስታመጥቅ ጉዳዩ የሚነካት አገር ሆናለች። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ሳተላይት ያን ያህል ባይጎተትም ከማዕበሉ ነፃ የሆነ ከፍታ ግን እዚያ የለም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚለካ አንድ ቀያሽ እንውሰድ። ቤዙን፣ ማለትም የሚቆመውን የሳተላይት መቀበያ፣ በታወቀ ነጥብ ላይ በሦስት እግር ተክሎ፣ ሮቨሩን፣ ማለትም ተንቀሳቃሹን መቀበያ፣ በዘንግ ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። መሣሪያው «ፊክስ» ካለ ነጥቡን በሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት ይዟል ማለት ነው። «ፍሎት» ካለ ስህተቱ ወደ ዲሲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ መቆም፣ መጠበቅ ነው። ዘዴው የሚሠራው በቤዙና በሮቨሩ አናት ላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም የሳተላይቱ ምልክት የሚያልፍበት በኤሌክትሮን የተሞላው የላይኛው አየር፣ አንድ ዓይነት ነው በሚል ግምት ነው። በአውሮፓ ሜዳ ላይ ይህ ግምት ረጅም ርቀት ይሄዳል። በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ግን ኤሌክትሮጄቱን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ መስክ የኤሌክትሮኑን ክምችት ከወገቡ ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚያፈሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያለው ልዩነት ስል ነው፤ በማዕበል ቀን ደግሞ ይብሳል። በግንቦቱ ማዕበል የአሜሪካ ገበሬዎች በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮቻቸውን ለማቆም የተገደዱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የእኛ ቀያሽ ግን ፊክስ እምቢ ሲለው የሚያማርረው ተራራውን ነው። ሊሆንም ይችላል፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ የሚወርደው ገደላማ መሬት ግማሹን ሰማይ ይጋርዳል። ጥፋቱ የተራራው ይሁን የአዮኖስፌሩ የሚለይለት ነገር በአቅራቢያው የለም። ችግሩን የማየው እዚህ ላይ ነው። መሬት ተለክቶ ደብተር ሲሰጥ፣ ወሰን ሲካለል፣ መንገድ ሲቀየስ የሚመጣ ስህተት በኋላ የሰው ክርክር ይሆናል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚቻለው ያን ቀን ሰማዩ ምን እንደነበር የሚመሰክር መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው።

ምሽት ላይ ያለው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች የአዮኖስፌሩ ታችኛ ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ ላይኛው እንደወፈረ ይቆያል። ያን ጊዜ ከስር የተነሳው ስስ ክፍል ወፍራሙን እየበሳ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። የሳተላይት ምልክት ይህን ሲያቋርጥ ይርገበገባል፤ መቀበያው አንዱን ሳተላይት ከሌላው በኋላ ይጥላል። በእኛ አካባቢ ይህ የሚበረታው ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉባቸው ወራት አቅራቢያ፣ በመስከረምና ጥቅምት እንዲሁም በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ቀያሾቻችን በቀን ስለሚሠሩ ያመልጡታል። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አድማጭ ግን ስሙን ሳያውቅ ጠባዩን ያውቀዋል። ከአውሮፓ የሚላክ የአማርኛ ስርጭት ወደ ወሎ የሚደርሰው ከዚሁ አዮኖስፌር እየነጠረ ነው። ጣቢያው ሄድ መለስ ሲል፣ ድምፁ እንደ ክንፍ ሲርገበገብ አባቶች አንቴናውን ያዞራሉ፣ ሽቦ ጨምረው ከቆርቆሮው ጋር ያስሩታል። በጦርነቱ ወራት ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው የወሎ ከተሞችና ገጠሮች ያ የሬዲዮ ድምፅ ለስንቱ ቤት ብቸኛ ወሬ ነጋሪ እንደነበር የሚዘነጋ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ የመጨረሻ መስመር የሚያልፍበትን ሰማይ ማወቅ ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ይህ ሰማይ ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ ወሎ አንድ ጊዜ በገዛ ዓይኑ ሊያይ የሚችልበት ዕድል ነበረው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዙሪያዋን ቀለበት አስመሰለቻት። ሕዝቡ ቀለበቱን ተመለከተ። ከላይ ደግሞ ብርሃኑ ሲቋረጥ ኤሌክትሮን የሚፈጠርበት ሂደት እየደከመ፣ በ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ እየሳሳ፣ ጥላው ሲያልፍ መልሶ እየወፈረ ነበር።

አሁን የዓለም መለኪያዎች የት እንደተተከሉ እንይ። በዜና የምንሰማው የማዕበል ደረጃ የሚወጣው ኬፒ ከተባለ መለኪያ ነው። ኬፒ ከ13 ጣቢያዎች ይሰላል፤ አንዱም አፍሪካ ውስጥ የለም። በመግቢያዬ የጠቀስኩት የ400 ናኖቴስላ ቅናሽ የሚወጣው ከአራት ጣቢያዎች ነው፤ ከጃፓን፣ ከሃዋይ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከደቡብ አፍሪካዋ ሄርማነስ። አራቱም ሆን ተብሎ ከኤሌክትሮጄቱ የራቁ ናቸው። ስለዚህ «ማዕበሉ ከባድ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰን በእኛ ሰማይ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ለሌላ ኬክሮስ ተሰፍቶ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው።

ኢትዮጵያ ምንም የላትም ማለቴ አይደለም። በ1957 እና 58 በተካሄደው የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ ጣቢያ አቋቁመው ነበር። ቦታው በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ በመሆኑ መዝገቡ በዓለም ዙሪያ ይፈለጋል። በኋላም በአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ ሥር አዲግራት ላይ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ተመራማሪዎች የአዲግራቱን ንባብ ከአዲስ አበባው ሲቀንሱ የሚቀራቸው የኤሌክትሮጄቱ ጉልበት ነው። ዘዴው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁለት ነጥብ የጅረቱን ጉልበት እንጂ ስፋቱን አይነግርም። በማዕበል ቀን ጅረቱ ደክሞ ነው ወይስ ወደ ደቡብ ሸርተት ብሎ? ይህን የሚለየው በሁለቱ መሀል፣ በጅረቱ ጎን ላይ የሚቆም ሦስተኛ ነጥብ ነው። በአዲስ አበባና በአዲግራት መሀል ያለው ደግሞ ወሎ ነው።

ዋልታና ወገብን በአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ማገናኘት እንደሚቻልም አይተናል። ባይሌ ዳምጤ (ዶ/ር) ዶክትሬታቸውን የሠሩት ፊንላንድ ውስጥ፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ካለው የሶዳንኪላ ጣቢያ ጋር፣ ኢስካት በሚጠቀምበት ዓይነት የራዳር አለካክ ላይ ነበር። ያንን ዕውቀት ይዘው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ኋላም ፕሬዚዳንቱ ሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ ዘርፍ ቤተ ሙከራ አለው። ጣናን የዋልታ ትምህርት ከረዳው ደሴንና ወልድያን የማይረዳበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚያስፈልገው ደግሞ የ10,000 አንቴና ራዳር አይደለም። መስኩን በየሰከንዱ የሚመዘግብ ማግኔቶሜትር፣ ባለ ሁለት ድግግሞሽ የጂፒኤስ መቀበያ፣ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ፣ በየሳምንቱ የሚያይ ሰው። ከባዱ የቦታው ምርጫ ነው። መለኪያው የሚፈልገው ለውጥ ከጠቅላላው መስክ ከሺህ ሦስት እጅ ያህል ስለሆነ አጠገቡ ያለ ብረት ሁሉ ጠላቱ ነው። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ አይሱዙ በመዝገቡ ላይ ጉብታ ይጥላል። ቆርቆሮ ጣሪያ አይሆንም። ኮምቦልቻ ፋብሪካውና የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ ስላለበት ፈጽሞ አይሆንም። የሙቀት መዋዠቅም ስለሚያሳስተው መሬት ተቆፍሮ ይቀበራል። ከመኪና መንገድ የራቀ የደላንታ፣ የዋድላ ወይም የመቄት ሜዳ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ላሊበላ ዙሪያ ያሉት፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሱት ተራሮች ለቴሌስኮፕ ቦታነት ሲጠኑ ቆይተዋል፤ ለዚያ የሚታሰበው መንገድና መብራት ሲደርስ ይህን ትንሽ መሣሪያ አብሮ ማሰቡ ወጪውን እምብዛም አይጨምርም።

መሣሪያ ከመትከል ይልቅ የሚከብደው አለማቋረጥ ነው። አንታርክቲካ ላይ ያለው የእንግሊዞች ጣቢያ ሃሊ ከአዲስ አበባው ጣቢያ ጋር በአንድ ዘመን፣ ለዚያው የጂኦፊዚክስ ዓመት የተቋቋመ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች በየዓመቱ የኦዞንን መጠን ሲመዘግቡ ለ30 ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን የኦዞኑን መሳሳት ለዓለም ነገሩ። በጥቂት ዓመት መዝገብ ይህን ማንም አያየውም ነበር። የዋልታ ሳይንስ ዋና ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምንም አዲስ ነገር በማይታይባቸው ዓመታትም መጻፍ።

ወሎ ውስጥ ለመጀመር ደግሞ አዲስ ግዢ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በየመሬት ቢሮውና በየመንገድ ፕሮጀክቱ እጅ ያሉት የቅየሳ መቀበያዎች አብዛኞቹ ሁለት ድግግሞሽ ያነባሉ፤ ከዚያ ጥሬ ፋይል በአናታችን ያለውን የኤሌክትሮን መጠን ማስላት ይቻላል። ቤዙ የተተከለበትን ቀን፣ ሰዓትና ነጥብ ከጥሬ ፋይሉ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለወሎ ወይም ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል መስጠት ይበቃል። በመስከረምና በመጋቢት አንድ መቀበያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ጣሪያ ላይ ቢያድር፣ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን መረጃ በአንድ ወቅት ይሰበሰባል።